ከካቢኔቱ ይጀምሩ፦ በሙዚቃ ሶፍትዌር ውስጥ የጊታርና የቤዝ አምፕ አመራረጥ

በኮምፒውተር ጊታር የሚቀዳ ሰው ረጅሙን ጊዜ የሚያጠፋው የአምፕ ስም ዝርዝር ሲያገላብጥ ነው፤ አምፕ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ሲሆን እዚህ የምናወራው በሶፍትዌር ስለተመሰለው ነው። አንዱን ይከፍታል፣ ጌይኑን ማለትም የመሻከሩን መጠን የሚወስነውን ቁልፍ ያዞራል፣ ድምፁ አልጥምህ ሲለው ዘግቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የስፒከሩ ሣጥን ማለትም ካቢኔቱ ግን ሶፍትዌሩ በራሱ እንዳስቀመጠው ይቆያል፤ ከፊቱ ያለውን ማይክሮፎንም የሚነካው የለም። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። የጊታርን ድምፅ ብሩህ ወይም ደብዛዛ፣ ቀጭን ወይም ወፍራም የሚያደርገው ከሁሉ በላይ ካቢኔቱና ማይክሮፎኑ ነው። የክራር ክር ያለ ገበቴውና ያለ ቆዳው ምን ያህል ድምፅ እንደሚቀረው የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። አምፑ የሚወስነው ሌላ ነገር ነው፦ ድምፁ ምን ያህል እንደሚሻክር፣ ለጣትዎ ጥንካሬና ልስላሴም እንዴት እንደሚመልስ።

የምገልጸው አሠራር ለየትኛውም ሶፍትዌር ይሆናል። በማክ ኮምፒውተር ላይ በሎጂክ ፕሮ ውስጥ ያሉት አምፕ ዲዛይነርና ቤዝ አምፕ ዲዛይነር፣ ጋራዥባንድ፣ አምፕሊቲዩብ፣ ጊታር ሪግ፣ እንዲሁም በነፃ የሚገኘው ኒውራል አምፕ ሞዴለር ሁሉም በአንድ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው። ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ዘፈን እንያዝ፦ በትዝታ ቅኝት የተሠራ፣ ዘገም ያለ፣ በ6/8 ምት የሚሄድ፤ አንድ አጃቢ ጊታር፣ አንድ ሊድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ድራምና የድምፃዊት ድምፅ ያለበት።

አስቀድሞ ገመዱና መግቢያው

ጊታሩን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኘው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ላይ የጊታር ምልክት ባለበት ወይም «ኢንስትሩመንት» በሚለው መግቢያ ይሰኩ። የማይክሮፎንና የላይን መግቢያዎች የጊታሩን ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል፣ ስለሚጫኑት ከፍተኛው የድምፅ ክፍል ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የቱንም አምፕ ቢከፍቱ የጠፋው ተመልሶ አይመጣም።

ቀጥሎ የጊታሩን ቮልዩም እስከ መጨረሻ ይክፈቱና በዘፈኑ ውስጥ ሊመቱ ከሚችሉት ሁሉ በኃይል ይምቱ። የሶፍትዌሩ መለኪያ በዚያ ጊዜ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል ቢደርስ ጥሩ ነው፤ ቀዩ መብራት ግን ፈጽሞ መብራት የለበትም። የአምፕ ሞዴል፣ ማለትም በሶፍትዌር የተመሰለው አምፕ፣ እንደ እውነተኛው አምፕ ሁሉ በሚገባበት ድምፅ መጠን ባሕርዩን ይለውጣል። መግቢያው ከተጋነነ ንጹሕ ነው የተባለው ሞዴል ይሻክራል፤ ካነሰ ደግሞ ኃይለኛው ሞዴል ይለሰልሳል። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው ውስጥ የሚመከረውን መጠን በቁጥር ይጽፋሉ፤ ካለ እሱን ይከተሉ። መጠኑን አንዴ ካገኙ በኋላ ምርጫው እስኪያልቅ ድረስ አይንኩት።

በመጨረሻም ክሩን ከመምታትዎ ድምፁን እስከ መስማትዎ ያለውን መዘግየት ይመልከቱ። በ48 ኪሎ ሄርዝ ላይ ባፈሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የድምፅ ናሙና ብዛት፣ 128 ሲሆን በአንድ አቅጣጫ 2.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ደርሶ መልሱ ከዚያ ይበልጣል። ጠቅላላው ከ10 ሚሊ ሰከንድ በታች ከሆነ አብዛኛው ሰው አይሰማውም። ከዚያ ካለፈ እጅዎ ከምቱ ኋላ መጎተት ይጀምራል፤ ሰውም ጥፋቱ የባፈሩ ሆኖ ሳለ አምፑን «ከባድ ነው» ብሎ ይጥለዋል።

የሚመረጠው በሚደጋገም ቅጂ ነው

እየተጫወቱ መምረጥ ያሳስታል። አምፑ ሲደነዝዝ እጅዎ ሳያውቁት ይበረታል፤ ሲጮህ ደግሞ ይለሰልሳል። ስለዚህ ሁለቱን ሞዴሎች በአንድ ዓይነት አመታት አላወዳደሩም ማለት ነው።

ይልቅስ ከዘፈኑ ውስጥ 20 ሰከንድ ያህል ርዝመት ያለው ክፍል ያለ ምንም አምፕ ደረቁን ይቅዱ። ውስጡ አራት ነገር ይኑረው፦ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ በቀስታ የተመታ፣ ሙሉ ኮርድ፣ በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ነጠላ ዜማ፣ በመጨረሻም አንድ ኃይለኛ ምት። ይህን ቅጂ እየደጋገመ እንዲጫወት ያድርጉና አምፑን በትራኩ ላይ እንደ ፕለጊን፣ ማለትም ቅጂውን ሳይለውጥ በላዩ እንደሚሠራ ተጨማሪ ሶፍትዌር፣ ይክፈቱት። ምርጫው ሲያልቅ ጊታሩን አንሥተው በእጅዎ ያረጋግጡ፤ ያኔ የሚጠይቁት «ድምፁ ያምራል ወይ?» ሳይሆን «ይታዘዘኛል ወይ?» የሚለውን ነው።

ካቢኔቱ

አንድ ንጹሕ አምፕ ይክፈቱ። ባስ፣ ሚድልና ትሬብል ሁሉም መካከል ላይ ይሁኑ፤ ጌይኑ ዝቅ ይበል፤ ሪቨርቡም ሆነ ሌላው ማሳመሪያ ይጥፋ። ከዚያ አምፑን ሳይነኩ ካቢኔቱን ብቻ ይለዋውጡ። በአምፕ ዲዛይነር ውስጥ አምፑ፣ ካቢኔቱና ማይክሮፎኑ በመስኮቱ ግርጌ ለየብቻ ይመረጣሉ፤ ብዙ ሰው ግን አስቀድሞ የተዘጋጀውን ጥምረት ብቻ ስለሚጠቀም ይህን መለያየት ሳያውቀው ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ በድምፁ መንገድ ላይ ያለው ካቢኔት አንድ ብቻ ይሁን። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ሄርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ በፍጥነት ይቆርጣል። ካቢኔት ከሌለ ያ ሁሉ የሚቆረጥ ነገር ሳይቆረጥ ይወጣና ጆሮ የሚበሳ ጥዝጥዝታ ይሆናል፤ ሁለት ካቢኔት ከተደራረበ ደግሞ ድምፁ ይታፈናል፣ መካከሉ ያብጣል። በኒውራል አምፕ ሞዴለር ይህ ስሕተት የተለመደ ነው። አንዳንዱ ፋይል የተቀዳው ከአምፑ ብቻ ስለሆነ ካቢኔት ይፈልጋል፤ ሌላው ከነካቢኔቱ የተቀዳ ስለሆነ ተጨማሪ አይፈልግም። የፋይሉን መግለጫ ሳያነቡ አይጫኑ።

አሁን ወደ ምርጫው። የመጀመሪያው ጥያቄ ካቢኔቱ ጀርባው ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለው ነው። ክፍት ጀርባ ያለው ድምፁን ወደ ኋላም ስለሚለቅ ሰፋ ያለ፣ አየር ያለው፣ ታችኛው ክፍል የሳሳ ይሆናል። የፌንደር ኮምቦዎች፣ ማለትም አምፑና ስፒከሩ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉት፣ እንዲሁም የቮክስ ኤሲ30 እንዲህ ናቸው። ዝግ ጀርባ ያለው፣ እንደ ማርሻል ባለ አራት ስፒከር ሣጥን ያለው፣ ታችኛውን ድምፅ አጥብቆ ወደ ፊት ይገፋል። በምሳሌያችን ዘፈን ቤዝና ኪቦርድ የታችኛውን ቦታ ስለያዙት ለአጃቢው ጊታር ያለማመንታት ክፍት ጀርባ ያለውን፣ አንድ ወይም ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር የያዘ ካቢኔት እመርጣለሁ። በአራት ስፒከር ዝግ ሣጥን ሲሰሙት ብቻውን ግርማ አለው፤ ቤዙ ሲገባ ግን ሁለቱም ይደበዝዛሉ።

ሁለተኛው የስፒከሩ ዓይነት ነው። በሶፍትዌር ውስጥ አዘውትረው የሚገጥሙዎት የሴልሽን ኩባንያ ስፒከሮች ናቸው። 25 ዋቱ ግሪንባክ ለስላሳና መካከሉ ሞቅ ያለ ሲሆን ለሮክና ለብሉዝ ሊድ ይስማማል። ቪንቴጅ 30 የሚባለው ከፍ ባለው መካከለኛ ድምፅ ላይ ጎላ ብሎ ስለሚወጣ በከባድ ሙዚቃ ውስጥ ጊታሩን ያስሰማል፤ ነገር ግን ከድምፃዊ ጋር ይጋፋል። በቮክስ አምፖች የሚታወቀው ሰማያዊው አልኒኮ ስፒከር ጥርት ያለና የሚያንጸባርቅ ነው። ለምሳሌያችን ሊድ ጊታር ግሪንባክን እይዛለሁ፤ የሴት ድምፅ ጥራት የሚሰማበትን አካባቢ አይሻማም።

ማይክሮፎኑ፣ ችላ የተባለው

እዚህ ላይ ቸኩለው አይለፉ። ከአሥር ሰው ቅሬታ ውስጥ «ድምፁ ይፋጃል፣ ይጠዘጥዛል» የሚለው መፍትሔው ብዙ ጊዜ ያለው ማይክሮፎኑ ላይ ነው።

መነሻዎ ሹር ኤስኤም57 ይሁን፤ ሶፍትዌሮች አብዛኛውን ጊዜ «ዳይናሚክ 57» ይሉታል። በመጀመሪያ በስፒከሩ መሐል፣ ከፊቱ ካለው ጨርቅ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያስቀምጡትና ቅጂውን ያዳምጡ። ብሩህ፣ ስለታም፣ ምናልባትም የሚቧጭር ይሆናል። አሁን በቀስታ ወደ ስፒከሩ ጠርዝ ይጎትቱት። መሐል ካለው ክብ ቆብ ዳርቻ ሲያልፍ ቧጨራው ይበርዳል፣ መካከለኛው ድምፅ ይሞላል። ጠርዙ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይጨልማል። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ቆቡ የስፒከሩን ወረቀት በሚነካበት ክብ ላይ ወይም ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ ነው። ማይክሮፎኑን ከስፒከሩ ወደ ኋላ ሲያርቁት ወፍራሙ ድምፅ ይቀንሳል፣ ክፍሉ መሰማት ይጀምራል።

ይህን ሳይሞክሩ ኢኳላይዘር፣ ማለትም የድምፁን ክፍሎች ለየብቻ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን መሣሪያ፣ አይክፈቱ። ማይክሮፎኑን በጥቂቱ ማንቀሳቀስ የሚያመጣው ለውጥ በኢኳላይዘር ብዙ ነጥብ ቆርጠው ከሚያገኙት ይልቅ የተፈጥሮ ይመስላል።

57ቱ የትም ቢቀመጥ ሸካራ ሆኖ ካስቸገረዎ ሪበን ማይክሮፎን፣ ማለትም ድምፁን በቀጭን የብረት ጥብጣብ የሚይዘውን፣ ይሞክሩ፤ በሶፍትዌሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሮየር አር-121 ሞዴል ነው። ከፍተኛውን ድምፅ ያለሰልሳል፣ ለነጠላ ዜማም ሥጋ ይሰጠዋል። ሁለቱን ማዋሀድም የታወቀ የስቱዲዮ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ማይክሮፎን ሲያዋህዱ ከአንዱ ብቻ ይልቅ ድምፁ ከቀጠነ ሞገዶቹ እርስ በርስ እየተጠፋፉ ነውና የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን የላይና የታች አቅጣጫ) ይገልብጡ ወይም ርቀቱን ያስተካክሉ።

ኢምፐልስ ሪስፖንስ የሚባሉት ትንንሽ የዋቭ ፋይሎች የካቢኔትና የማይክሮፎን ቅጂ ናቸው፤ ማይክሮፎኑ የቆመበት ቦታ በፋይሉ ውስጥ ስለታተመ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ስለዚህ በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ አይጫኑ። ከአንድ ካቢኔት የተቀዱ ሦስት ፋይሎች፣ ማለትም የመሐል፣ የመካከለኛና የጠርዝ፣ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ።

በማወዳደር ጊዜ ሁሉ አንድ ሕግ ይጠብቁ፦ የሁለቱ ድምፅ መጠን እኩል ይሁን። ጆሮ በአንድ ዴሲቤል እንኳ ከፍ ያለውን «የተሻለ» ብሎ ይመርጣል። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ መውጫውን በመለኪያ አስተካክለው ያዳምጡ።

አምፑ፣ ቤተሰብ በቤተሰብ

በንግድ ምልክት ምክንያት ሶፍትዌሮች የአምፖቹን እውነተኛ ስም ብዙ ጊዜ አይጽፉም። «ትዊድ» የሚለው የ1950ዎቹን የፌንደር አምፖች ያመለክታል፤ «ብላክፌስ» የ1960ዎቹን ጥቁር ገጽ ያላቸውን ፌንደሮች፤ «ብሪቲሽ ኮምቦ» አብዛኛውን ጊዜ ቮክስ ኤሲ30ን፤ «ብሪቲሽ ሄድ» ወይም «ስታክ» ማርሻልን። «ሞደርን አሜሪካን» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሜሳ ቡጊን ሬክቲፋየር ማለታቸው ነው።

ብላክፌስ ንጹሕ ነው፤ መካከለኛው ድምፁ ዝቅ ያለ በመሆኑ ለድምፃዊ ቦታ ይለቃል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የዋት ቁጥሩን ያስተውሉ። ትዊን ሪቨርብ 85 ዋት ሲሆን ዴሉክስ ሪቨርብ 22 ዋት ነው። በሶፍትዌር ውስጥ ይህ ቁጥር የድምፅ ከፍታ አይደለም፤ አምፑ መሻከር የሚጀምርበትን ቦታ የሚነግር ነው። ትዊኑ በኃይል ቢመቱትም ንጹሕነቱን ሳይለቅ ይቆያል፤ ዴሉክሱ በኃይል ሲመቱት ይሻክራል፣ በቀስታ ሲመቱት ይጠራል። ለምሳሌያችን አጃቢ ጊታር ትዊኑን፣ ለሊዱ ዴሉክሱን እይዛለሁ።

በ1975 የወጣው ሮላንድ ጄሲ-120 ቫልቭ የሌለው፣ በትራንዚስተር የሚሠራ ነው። በጣም ንጹሕ ከመሆኑም በላይ በሁለቱ ስፒከሮቹ ላይ የሚንሳፈፈው ኮረሱ፣ ማለትም ድምፁን እየወዘወዘ የሚያበዛው ማሳመሪያ፣ የታወቀ ነው። ለተበተነ ኮርድ ያምራል፤ ለጣት ልስላሴ ግን ብዙም አይመልስም።

ትዊድ ቀደም ብሎ ይሻክራል፣ ሲበረታም ይጨመቃል። የፌንደር ባስማን ለቤዝ ጊታር የተሠራ አምፕ ቢሆንም ጊታረኞች ወሰዱት፤ የመጀመሪያው የማርሻል አምፕ ጄቲኤም45 የተሠራውም የእሱን ሰርኪዩት ተከትሎ ነው። ስለዚህ «የጊታር» ወይም «የቤዝ» የሚለውን የዝርዝር ርዕስ እንደ ሕግ አይመልከቱት።

ማርሻል መካከለኛውን ድምፅ ወደ ፊት ያወጣል። የቆየው ሱፐር ሊድ ማስተር ቮልዩም፣ ማለትም ከመሻከሩ ተለይቶ የድምፁን ከፍታ ብቻ የሚወስን ቁልፍ፣ የለውም፤ ጌይን የሚል ቁልፍ ፈልገው ካጡ ቮልዩሙን ወደ 7 ወይም 8 ይክፈቱት፣ የሶፍትዌሩን መውጫ ደግሞ ይቀንሱ። እንደ ጄሲኤም800 ባሉት ግን ጌይኑ ለብቻው አለ።

ጌይን ላይ ቁጥብ ይሁኑ። የእኛን ቅኝቶች በሚጫወት ጊታር ላይ ይህ ይበልጥ ያሳስበኛል። በትዝታም ሆነ በአምባሰል የዜማው ውበት ያለው በዋናው ድምፅና አጠገቡ ባለው ማጌጫ መካከል ባለው የጉልበት ልዩነት ነው። ጌይን ሲበዛ አምፑ ሁሉንም ጨምቆ እኩል ያደርገዋል፤ ማጌጫው እንደ ዋናው ይጮሃል፣ ዜማውም አቀበትና ቁልቁለቱን ያጣል። መመዘኛዬ ይህ ነው፦ ለብቻው ሲሰሙት በቂ ከመሰለዎ ቦታ ላይ ጌይኑን አንድ አራተኛ ያህል ይመልሱትና ከሙሉው ዘፈን ጋር ያዳምጡ።

ቤዝ የራሱ መንገድ አለው

የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ሄርዝ ነው፤ የጊታሩ 82 ሄርዝ። አምፔግ በ1969 ያወጣው 300 ዋቱ ኤስቪቲ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ካለው ዝግ ሣጥን ጋር የሮክ መድረክ መለኪያ ሆነ። ሆኖም ያ ግዙፍ ሣጥን ከ60 ሄርዝ ገደማ በታች መዳከም ይጀምራል። ታላቅ የሚመስለው የ41 ሄርዙን ድምፅ እጥፍ፣ ማለትም 82 ሄርዝ አካባቢን፣ በኃይል ስለሚያወጣ ነው። ሌላው ታዋቂ አምፕ በ1960 የወጣው አምፔግ ቢ-15 ሲሆን አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር አለው፤ ክብ፣ ሞቅ ያለ፣ የዋህ ድምፅ ነው። በቤዝ አምፕ ዲዛይነር ውስጥ «ፍሊፕ ቶፕ» የሚለውን ሲያዩ የታሰበው እሱ ነው። ለምሳሌያችን ዘፈን ቢ-15ን እመርጣለሁ። በችክችካ ምት ለሚነዳ ፈጣን ዘፈን ግን ድምፁ አጠር ብሎ ለሚቆረጠውና ጥርስ ላለው ባለ 10 ኢንቹ ሣጥን አደላለሁ።

ከጊታር ዋናው ልዩነት ቤዝ ያለ አምፕም መኖር መቻሉ ነው። በዲትሮይት ከተማ ሞታውን ስቱዲዮ ጄምስ ጀመርሰን በ1960ዎቹ የተጫወታቸው የቤዝ መስመሮች በአብዛኛው በቀጥታ ወደ መቅጃው የገቡ ነበሩ። ስለዚህ ሁለቱን አብረው ይጠቀሙ። ቤዝ አምፕ ዲዛይነር ደረቁንና አምፑን የሚያመዛዝን ቁልፍ አለው። በሌላ ሶፍትዌር ትራኩን ያባዙትና እንዲህ ያድርጉ፦

አንዱን ትራክ ደረቁን ይተዉት፤ ከ200 ሄርዝ ገደማ በላይ ያለውን ይቀንሱለት፣ መሠረቱን እሱ ይያዝ። በሌላው ላይ አምፕና ካቢኔት ያድርጉ፤ ከ150 ሄርዝ ገደማ በታች ያለውን ይቁረጡ፣ ጌይኑንም ትንሽ እስኪሻክር ይክፈቱት። ከዚያ ሁለቱን አብረው ያጫውቱና የአንዱን ፖላሪቲ ይገልብጡ። ታችኛው ድምፅ በሞላበት ጎን ይተዉት። በሁለቱም በኩል ባዶነት ከተሰማዎ የአንዱ ትራክ መነሻ ከሌላው በጥቂቱ ዘግይቷል፤ ሞገዱን አጉልተው እያዩ ያመሳስሉት።

ያ ሻካራ ትራክ ለጌጥ አይደለም። ዘፈንዎን አብዛኛው ሰው የሚሰማው በስልክ ከሆነ የስልኩ ስፒከር የቤዙን መሠረት አያወጣም። ሰውየው የቤዙን ዜማ የሚከተለው ከ200 ሄርዝ በላይ ባሉት እርከኖች፣ ማለትም በመሠረቱ ድምፅ ብዜቶች፣ ነው፤ እነሱን የሚያበረታው ደግሞ የአምፑ መሻከር ነው። ሲጨርሱ በስልክ ስፒከር ያዳምጡ፤ የቤዙን ዜማ ማዜም ካልቻሉ የሻካራውን ትራክ ድምፅ ከፍ ያድርጉ።

ሁሉም አብሮ ሲሰማ

የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ድምፃዊቷና ድራሙ እየተሰሙ ነው። ጊታሩን ለብቻው አያዳምጡ። በአጃቢ ጊታሩ ላይ ከ100 ሄርዝ ገደማ በታች ያለውን ይቁረጡ፤ ከቤዙ ጋር መጋፋቱ ወዲያው ይቀላል። ጊታሩ የቃላቱን ጥራት ከሸፈነ ድምፁን ከመቀነስዎ በፊት ማይክሮፎኑን አንድ ደረጃ ወደ ጠርዝ ያውጡት። ጊታሩ ከጠፋ ደግሞ ትሬብል አይጨምሩ፤ ሚድሉን ይጨምሩ። አንድን የጊታር ክፍል ሁለት ጊዜ ቀድተው በግራና በቀኝ ካስቀመጡ በሁለቱ ላይ የተለያየ ካቢኔት ያድርጉ፤ ስፋቱ ይጨምራል።

ክራር ለሚጫወቱ

የኤሌክትሪክ ክራር በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ጥንቃቄው መግቢያው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገጠመው የፒዞ ፒክአፕ፣ ማለትም ንዝረቱን በቀጥታ ከእንጨቱ ወይም ከቆዳው የሚይዘው፣ ከጊታር ፒክአፕ የባሰ ለተሳሳተ መግቢያ ይሸነፋል፤ በጊታር መግቢያውም ድምፁ ከሳሳ መካከል ላይ ፕሪአምፕ (ደካማውን ድምፅ አስቀድሞ የሚያበረታ መሣሪያ) ያስገቡ። የፒዞ ድምፅ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ይጮሃል፤ ስለዚህ ብላክፌስ ወይም ጄሲ-120፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ክፍት ካቢኔት፣ ከጠርዙ ገባ ያለ ሪበን ማይክሮፎን ይስማማዋል። ለቤዝ ክራር ባለ 15 ኢንቹን ይሞክሩ።

ሥራውን ለሚያዋህድልዎ ባለሙያ ሲልኩ ለእያንዳንዱ ጊታርና ቤዝ ሁለት ፋይል ይላኩ፦ አንዱ ከነአምፑና ከነካቢኔቱ የታተመው፣ ሌላው ደረቁ። በፋይሉ ስም ላይ የአምፑን፣ የካቢኔቱንና የማይክሮፎኑን ስም ይጻፉ። ሁለቱም ከአንድ ቦታ፣ ከዘፈኑ መጀመሪያ ይነሡ።